አንባቢ ምስክር ነው ወይስ ዳኛ?

«መጽሐፉን እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ይገላገላል። «ግሩም ነው» ይላል፤ ወይም «ይደብራል» ይላል። «ለምን?» ተብሎ ጠበቅ ሲደረግ ደግሞ «እኔ እንጃ፤ የግል አስተያየቴ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ያን ጊዜ ጠያቂው ዝም ከማለት በቀር ምን ምርጫ አለው? የግል የተባለ ነገር እንደ ጥርስ ብሩሽ ነዋ፤ ማን ይነካዋል! እኛ ግን ዛሬ ይህችን «የግል» የምትባል ቃል ትንሽ ልንነካካት አስበናል። ለመሆኑ ሰው ስለ አንድ መጽሐፍ የሚሰጠው አስተያየት እንዳሻው የሚያደርገው ንብረቱ ነው? ወይስ ለሌላው ሰው የሚጠየቅበት ነገር አለ?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «አንዱ ሽሮ ይወዳል፣ ሌላው ክትፎ፤ ሽሮ ወዳዱን ማን ይከሰዋል?» ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ትክክለኛ አስተያየት ብቻ አለ ብሎ ያምናል፤ ያም አስተያየት ወይ በመምህሩ ማስታወሻ፣ ወይ በሃያሲው ብዕር፣ ወይ በባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። በእኛ በኩል ሁለቱንም አንቀበልም። ሽሮን ባንወድ ሽሮው አይከፋውም፤ ጎረቤታችንም መብላቱን አይተውም። መጽሐፍ ግን ሰው ስለ ሰው የተናገረው ነገር ነው። ሌላውም ሰው መጽሐፉን የሚያነሳው ወይም የሚተወው ብዙውን ጊዜ በእኛ ቃል ተማምኖ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ማንም ሰው በሌላው ዐይን ማንበብ እንደማይችል ረስቷል።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ አንባቢ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር የሚናገረው በገዛ ዐይኑ ያየውን ስለሆነ ቃሉ የግሉ ነው። ይሁን እንጂ የግሉ ስለሆነ ብቻ እንዳሻው አይናገርም፤ ይምላል፣ ይጠየቃል፣ «የት ቆመህ አየህ?» ይባላል።

የምስክር የመጀመሪያ ግዴታው በቦታው መገኘት ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን ያሳተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «ከባድ ነው፣ አይገባም» የሚለው ወሬ ከመጽሐፉ ቀድሞ ይጓዛል። ይህን ከሚያወሩት መካከል ስንቱ ገልጦ አይቶታል? «ሃያ ገጽ አንብቤ ደከመኝና ተውኩት» ማለት እኮ እውነተኛ ምስክርነት ነው፤ ምንም ነውር የለበትም። ሳይገልጡት «አይረባም» ማለት ግን ያልተገኙበትን ሠርግ ማማት ነው። በድሮው አውጫጭኝ ማንነቱ ያልታወቀ ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። የእኛም የመጽሐፍ ወሬ ብዙው ወፍ የነገረን ነው። ደግሞስ «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚል ተረት ባለበት አገር፣ ውሃው ደፈረሰ ብሎ ጥሎ የሄደ ሰው ሲጠራ አላየሁም ብሎ ማንን ሊወቅስ ነው?

በዚህ ረገድ ሊዮ ቶልስቶይን ባንስማማበትም እናከብረዋለን። እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ ሼክስፒር ታላቅ ደራሲ አይደለም ብሎ ከዓለም ጋር ተጣላ። «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ሰምቶ የተደመመ የአገራችን ሰው «ኧረ ሽማግሌው ምን ነካው?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሽማግሌው ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። ሼክስፒርን በሩሲያኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በጀርመንኛም በየጊዜው ሲያነብ ኖሯል። በ75 ዓመቱ ሥራዎቹን በሙሉ እንደገና አንብቦ፣ ስሜቱ እንዳልተለወጠ ካረጋገጠ በኋላ ነው ብዕሩን ያነሳው። ዓለም ያከበረውን አልወድም ለማለት መብቱን በድካሙ ገዛው። በሰሙት ብቻ ከማጨብጨብ እንዲህ ደክሞ መሳሳት ይሻላል።

ሁለተኛው ግዴታ የቆሙበትን ቦታ መናገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንዱ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ እያለቀሰ ያነበዋል፤ ሌላው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ገበሬዎች ይዞ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ከጉዱ ካሣ ጋር ይቀራል። ሦስቱም ያነበቡት አንድ መጽሐፍ ነው። እየቆሙ ያዩበት ጉብታ ነው የተለያየው።

ከዚህ የከበደ ምሳሌ አለ። በደርግ ዘመን ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ታላቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው። በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ታተመ። ነገ ይጠሩኝ ይሆን እያለ ለሚያድር እስረኛ ይህ ርዕስ ብቻውን ምን ያህል እንደሚመዝን መገመት አያዳግትም። አገሯ ተቃጥሎ፣ ተርባ፣ ወድቃ የምትነሣ ሴት ታሪክ ነው፤ ለእስረኛ ስንቅ ነው። ያንኑ መጽሐፍ ግን አያቶቿ በጆርጂያ የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩባት ጥቁር አሜሪካዊት ስታነበው ምን ታያለች? ባሪያዎቹ በጌቶቻቸው ቤት ደስተኛ ተደርገው ተሥለዋል፤ ጥቁሮችን ያሸብር የነበረው ኩ ክሉክስ ክላን እንደ ጠባቂ ቀርቧል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ከወጣ በኋላ ብዙ ጥቁር አንባቢዎች ይህን ሲናገሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ አሊስ ራንዳል የተባለች ደራሲ ታሪኩን ከባሪያዎቹ ወገን ሆና በሌላ ልብ ወለድ መልሳ ጻፈችው። የሚቸል ንብረት ጠባቂዎች ከሰው መጽሐፉን አሳገዱት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን እገዳውን አነሣ።

ታዲያ ከእስረኛውና ከጥቁሯ አሜሪካዊት ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ይሁን እንጂ «ሁለቱም ልክ ናቸው» ብለን ተጨባብጠን እንለያይ ማለታችን አይደለም። የእስረኛው ፍቅር የባሪያዎቹን በደል አያጥበውም። የእሷም ቁጣ የእስረኛውን መጽናናት ሐሰት አያደርገውም። አንዱ የሌላውን ቃል ከሰማ በኋላ ግን መጽሐፉን እንደ ቀድሞው ሊያነበው አይችልም፤ አይገባውምም። መጽሐፉን የወደደ ሰው ከፍቅሩ ጋር ያንን ክብደት አብሮ መሸከም አለበት። ምስክሮች ተሰባስበው የሚደማመጡት ለዚህ ነው፤ አንዱ ከቆመበት ያልታየው ለሌላው ይታያልና።

ሦስተኛው ግዴታ ከምስክር ወንበር ተነሥቶ የዳኛውን ወንበር አለመያዝ ነው። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወጣ። በኤርትራ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ሥልጣን ላይ የነበሩ አንባቢዎች አነበቡት፤ አልወደዱትም። እዚህ ድረስ እኛም ክርክር የለንም፤ አለመውደድ መብታቸው ነበር። «እንዲህ አልነበረም፤ እኛ ከቆምንበት የታየው ይህ ነው» ብለው ቢጽፉ ኖሮ እናነብላቸው ነበር። እነሱ ግን መጽሐፉ ከገበያ እንዲሰበሰብ አደረጉ። ደራሲው ሥራውን አጣ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ አልተመለሰም። የእነሱም የግል አስተያየት ነበር እኮ! ልዩነቱ ከእሱ ወዲያ ሌላ አስተያየት እንዳይኖር መፈለጋቸው ነው። መጽሐፉ ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ፤ ዘመኑ ሲያልፍ እንደገና ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛም ወጣ። ደራሲውን ግን የመለሰው የለም።

«እኛ ተማሪዎች ምን ሥልጣን አለንና ይህን ትነግሩናላችሁ?» የሚል ይኖራል። አለን እንጂ! ሳቅ አለን። አንድ አዲስ ገቢ ተማሪ በጓደኞቹ መካከል አንድ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ አንብቦ እንደወደደው ተናገረ እንበል። «አይ አንተ! ይህንን ነው የምታነበው?» ተብሎ ይሳቅበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠየቅ የወደደውን አይናገርም፤ የሚያስከብረውን ስም ይጠራል፤ ያላነበበውን ያደንቃል። የሐሰት ምስክር ማፍራት ከዚህ ይጀምራል። ያ ልጅ ዐሥር ዓመት ቆይቶ ቢሮ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ ከመጽሐፍ በከበደ ጉዳይ «ምን አየህ?» ሲባልስ ያየውን ይናገራል? እኛ እንጠራጠራለን። ሰው ስለ መጽሐፍ እውነቱን መናገር ከፈራ፣ እውነት ዋጋ በሚያስከፍልበት ቀን ከየት አምጥቶ ይናገራል?

ይህን ስንል መጥፎ መጽሐፍ መጥፎ ነው አይባል ማለታችን አይደለም። ይባል፤ ጠንክሮ ይባል። ብቻ የተባለበት ገጽ ይጠቀስ፤ ተናጋሪውም ለመልስ ይቀመጥ። ወዶ ዝም የሚለውም ሰው ቢሆን «ሙያ በልብ ነው» እያለ አይሸሸግ። አንባቢ ያላገኘ ጥሩ መጽሐፍ አቧራ የሚጠጣው ወዳጆቹ ዝም ስላሉ ነው።

እንግዲህ እኛ ያየነውን ይህን ያህል ተናገርን። ከሌላ ጉብታ ሆኖ የተለየ ነገር ያየ አንባቢ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው ዕትም ቃሉን ለመስማት ዝግጁ ነን።