ከእሳት ስለ ተረፈች ቤተ ክርስቲያን

በጎንደር ከተማ በኮረብታ ላይ የምትገኘውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በሄድን ጊዜ፥ ከዐጸዱ በር አጠገብ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ አንድ ነገር ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ወደ ማደሪያችን ከተመለስን በኋላም አልለቀቀንም።

ደብሪቱን በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመሠረቷት ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ መሆናቸው የታወቀ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል አድርገው ጎንደር በገቡ ጊዜ፥ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አብዛኞቹን አቃጠሉ፤ ከሕዝቡም ብዙው ተገደለ፥ ብዙው ተማረከ። ይህች ግን ተረፈች። ጣራዋ የሣር ክዳን ነው፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃት ነበር። የአገሩ ሰው ሲያወራ፥ የንብ መንጋ ከዐጸዱ ወጥቶ ወራሪዎቹን አባረረ ይላል።

እማሆይም፦ «አባቴ፥ የቅድመ አያቴ ደብር ያን ጊዜ ተቃጥላለች። ለሥላሴ ንብ ከታዘዘ፥ ለእኛ ዝንብ እንኳ ሳይታዘዝ የቀረው ምን በድለን ነው?» አሉን።

እኛም የእግዚአብሔር ፍርድ አይመረመርም ብለን መለስንላቸው። ቃሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ያን ጊዜ የተናገርነው ጠያቂይቱን ለማስተማር ሳይሆን ዝም ለማሰኘት ነበርና፥ በዚህ እናፍራለን።

የተረፈ ሁሉ ስለ ጽድቁ ተረፈ፥ የጠፋም ሁሉ ስለ ኃጢአቱ ጠፋ የሚል አሳብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ አለ። ጌታችን ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች አድርጎ መቍጠርን ከልክሏል። በሐዋርያት ሥራ 12ኛ ምዕራፍም ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ሲገድል፥ ጴጥሮስን ግን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። ታዲያ ያዕቆብ ከጴጥሮስ አንሶ ነውን? እንዲህ የሚል ክርስቲያን የለም። ጴጥሮስም ቢሆን በኋላ ተሰቅሏል፤ ያን ሌሊት የተፈታው ገና የሚሠራው ስለ ነበረው ነው።

ደግሞም ጎንደርን ያቃጠለው እሳት ሁሉ ከውጭ የመጣ አይደለም። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ መቅደላ አስጋዙ፥ ከተማውንም አቃጠሉ። ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዞች እጅ በወደቀች ጊዜ ባሕር ተሻገሩ። እንግዲህ ተቃጥላለችና በደለኛ ናት የሚል ሰው፥ ሳያስበው ያቃጠለውን ነጻ ያወጣል፤ ክርስቲያን በክርስቲያን ደብር ላይ የሠራውንም በእግዚአብሔር ስም ይሸፍናል።

ይህን ስንል የንቡን ነገር እንክዳለን ማለት አይደለም። የደብሩ ሰዎች በምስጋና ይዘውት ኖረዋል፤ እኛም በምስጋና ሰማነው። ነገር ግን ምስጋና ሌላ፥ ትምክሕት ሌላ ነው። ኤርምያስ በቤተ መቅደሱ ይመኩ የነበሩትን ሰዎች ሄዳችሁ ሴሎን እዩ ማለቱ ስለዚህ ነበር፤ ታቦተ ጽዮን በሴሎ ነበረችና፥ ሴሎም ፈርሳለች።

ወደ ውስጥ ገብተን ቀና ስንል፥ በጣራው ላይ በክንፍ የተከበቡ የመላእክት ፊቶች ተሰልፈው ወደ ሁሉ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ይህን ለማየት የሚመጣ እንግዳ አንገቱ እስኪደክም አንጋጦ ይቆያል፤ ለመስገድ ማጐንበስን የሚረሳም አለ። በዚህ ግን እንግዳውን ብቻ አንወቅስም፤ እኛም ብዙ ቆምን። ቆመንም ሳለን ይህ አሳብ መጣብን፦ በተቃጠሉት ደብሮች ግድግዳ ላይ ምን ዓይነት ሥዕል እንደ ነበረ ዛሬ ለማሰብ የምንችለው፥ ይህ ግድግዳ ስለ ቀረልን ነው። የቀረውም ለራሱ ብቻ አይደለም።

ስንወጣ ይህን ለእማሆይ ልንነግራቸው ፈለግናቸው። ከበሩ ደፍ ላይ ተደፍተው አገኘናቸው። የሥላሴን ስም ከጠሩ በኋላ፥ ቀስ ብለው ያችን የተቃጠለችውን ደብር በስሟ ጠሩና ድንጋዩን ሳሙት። እኛም ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ቆምን።