በደሃው አፍ የሚናገረው ማነው?

ስለ ደሃ የሚጻፍ ጽሑፍ ለደሃው ምን ይፈይዳል? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎችም ገጥሟቸዋል።

በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ታምሩ ፈይሳ በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አሰማ። ርእሱን ልብ በሉልኝ። «ስለ ደሃው ልናገር» አይልም፤ ደሃው ራሱ ይናገራል ነው የሚለው። የሚያነበው ግን ተማሪ ነው፤ ደሃው ከአጥሩ ውጭ ነው። ታዲያ አንድ ተቺ ተነሥቶ «ይሄ የሰው አፍ መዋስ እንጂ ምን ሊባል ነው?» ቢል ይፈረድበታል?

ነገሩን ከአምስት ዓመት በኋላ ከሆነው ጋር እናስተያየው። በ1958 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጎዳና እየታፈሱ በሾላ ካምፕ የታጎሩት ለማኞች ጉዳይ ተማሪውን ለሰልፍ አስወጣው። «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ተባለ። መፈክር ሺህ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይለዋል፤ ጉልበቱም ይኸው ነው። ዳሩ ግን በመፈክር ውስጥ ደሃው የለም፤ ያለው ድህነት ነው። ከታፈሱት መካከል ቁጡም፣ ቀልደኛም፣ ቂመኛም አይጠፋም። መፈክር ይህን ሁሉ ይያዝ አይባልም። ይህን መያዝ የሥነ ጽሑፍ ፈንታ ነው።

«ግጥም አይበላ!» የሚል አለ። እውነት ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው፣ የድሃውንም የቤት ኪራይ የቀነሰው ዐዋጅ ነው፤ ግጥም አይደለም። ነገር ግን ዐዋጅ ቤት ይቆጥራል እንጂ በቤቱ ውስጥ ያለውን ኑሮ አይቆጥርም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስም የሚለካው ካሬ ሜትር ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት ቡና መጠራራቱ፣ ዕድሩ፣ የዱቤው ደብተር በየትኛው መዝገብ ይሰፍራል? ይህ ሳይጻፍ ሲቀር የጠፋው ነገር እንደጠፋ እንኳ አይታወቅም። ያልታወቀ ጉዳት ደግሞ ፍትሕ አይጠየቅበትም። እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ከፍትሕ ጥያቄ ይቀድማል ማለት ነው፤ የተበደለውን ሰው ያሳያል።

እዚህ ላይ አደጋው ይመጣል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል። ለጸሐፊ ግን የአንጀት ልቅሶ ብቻውን አይበቃም። በድርሰታችን ውስጥ ያለው ሊስትሮ ሁልጊዜ እኛ የምናስበውን የሚያስብ፣ እኛ የምንጠላውን የሚጠላ ከሆነ፣ እሱ ሊስትሮ ሳይሆን እኛው ነን፤ ብሩሽና ሳጥን ይዘን። ደሃ ተማሪን ሊንቅ ይችላል። እኛ የምናወግዘውን ባለሥልጣን ሊወድ፣ ከጓደኛው ላይ ሊሰርቅ፣ ለሰልፋችንም «ምን አገባኝ» ሊል ይችላል። ይህን እንዲል ካልፈቀድንለት በሾላ እንደተደረገው ሁሉ እኛም እንዳይታይ አድርገነዋል፤ ልዩነቱ የእኛ አጥር ከወረቀት መሠራቱ ነው።

ስለዚህ የኔ መልስ ይህ ነው። አፍ መዋስ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ዝም ከማለት ይሻላል። የተዋሰ ሰው ግን ዕዳ አለበት። ዕዳውም ደሃው እኛን የሚቃወም ቃል እንዲናገር መፍቀድ፣ ራሱ ብዕር ያነሣ ዕለት ደግሞ ወንበሩን መልቀቅ ነው። ይህን ዕዳ የማይከፍል ጽሑፍ፣ ቤት መትቶም ቢሆን፣ ያው መፈክር ነው።