ያልተናገረውን ማናገር

ከተቀዳ ንግግር ላይ ሳልን ቆርጦ መጣል ነውር ነው አንልም። ነገሩ የሚከብደው ከሳሉ ቀጥሎ ነው። ተናጋሪው አመንትቶ ዝም ያለባት ቅጽበት እንደ ኦዳሲቲ ባለ ፕሮግራም ላይ ስትታይ ጠፍጣፋ መስመር ብቻ ናት፤ ትሰረዝና ግራ ቀኙ ይገጠማል፤ አለቀ! ሰውየው ግን እዚያች ላይ እያሰበ ነበር። አሁን ተጠራጣሪው ሰው ቆራጥ ሆኖ ይሰማል። አንዲት ቃል ሳትጨመር ተዋሸበት ማለት አይደል?

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ሮድራነር» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። በ2018 የሞተው አሜሪካዊው የወጥ ቤት ባለሙያና ጸሐፊ አንቶኒ ቦርዴይን፣ ጽፏቸው በአንደበቱ ያልተናገራቸውን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች፣ ኮምፒዩተር በሠራው ድምፅ «ሲናገር» ይሰማል። ፊልሙ ይህን ለተመልካቹ አልገለጸም። «ቃሉ የራሱ ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለ?» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ብዙ ጎድሏል ባዮች ነን። ከተነበቡት አንዱ ለወዳጁ የላከው ኢሜይል ነበር። በጽሑፍ የሄደ ነገር ቃና የለውም፤ እያዘነ ይሁን እያላገጠ የሚገምተው ወዳጁ ነው። እዚህ ግን ቃናውን ሌላ ሰው መረጠለት፤ ሟች ደግሞ «ኧረ እንዲያ አላልኩም» አይል።

በ2023 ቢትልሶች ያወጡት የጆን ሌነን ዘፈን ይለያል። የሌነን ድምፅ ከአሮጌ ካሴት ላይ ከፒያኖው ተለይቶ ጠራ እንጂ አልተፈበረከም፤ የዘፈነው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ግን እኛው አልተስማማንም። ከመካከላችን አንዱ «ያልጨረሰውን አውጡልኝ ብሎ ነበር ወይ?» እያለ እስካሁን ይሞግተናል።