ለንፍጥ ኪኒን ከመሮጥሽ በፊት

አብሽሪ ልጄ፣ የልጅሽ አፍንጫ ፈሰሰ ብለሽ አትደንግጪ። ከመርሳ ደውለሽ «አሞክሳሲሊን ልግዛለት?» ስትዪኝ ግን ዝም አልልሽም። «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» ይባላል፤ የንፍጥም ሥሩ ብዙ ነው።

ዋናው ጉንፋን ነው። ጉንፋን ከቫይረስ እንጂ ከብርድ አይመጣም። ወልድያ ከመርሳ ትበርዳለችና እዚያ ውሎ የተመለሰ ሁሉ «ብርድ መታኝ» ይላል። ብርድ አፍንጫ ማንጠባጠቡ እውነት ነው፤ በሽታውን የሚያጋባው ግን በር ዘግቶ ተፋፍጎ ማደርና ንፍጥ የነካው እጅ ነው። ስለዚህ መስኮቱን ክፈቺ፣ ልጁን ከማቀፍሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ቫይረስን አሞክሳሲሊን አይገድለውም። ንፍጡ በሦስት በአራት ቀኑ ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢሆንም የጉንፋን ጠባይ ነውና አትሸበሪ፤ ብዙ ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይለቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»፤ ዛሬ ያለ ቦታው የተሰጠ መድኃኒት፣ ነገ የሳንባ ምች ሲመጣ ባክቴሪያው ተላምዶት እንቢ ይላል።

ሌላው አለርጂ ነው። በወረዳችሁ በሀብሩ ጤፍ ሲወቃ አውድማውን እብቅ ይሞላዋል። ያን ጊዜ እንደ ውሃ የሚወርድ ንፍጥ፣ የዐይንና የአፍንጫ ማሳከክ፣ የማያባራ ማስነጠስ ከመጣና ትኩሳት ከሌለ፣ ያ ጉንፋን አይደለም። አባቱ ከአውድማ ሲመለስ ልብሱን አራግፎ፣ ፊቱን ታጥቦ ይግባ። የማገዶ ጭስም ያው ነው። ቡና ያለ ዕጣን እንደማይደምቅ አውቃለሁ፤ ልጁ እስኪሻለው ግን ዕጣኑ ይቅር።

ለሕክምናው የጨው ውሃ ይበቃሻል። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሚበት። ከመጥባቱ በፊት በየአፍንጫው ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ ጣል አድርጊለት፤ ንፍጡ ሲላላ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው። አፍንጫው የታፈነ ሕፃን ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ አጥቢው። ዓመት ስላልሞላው ማር አታቅምሺው። ዳማከሴ ጨምቀሽም አፍንጫው ውስጥ አትጨምሪ፤ ለእንፋሎት ብለሽ የፈላ ውሃ አጠገቡ አታስቀምጪ፣ በዚያ የተቃጠለ ሕፃን ብዙ ነው።

ሁሉም ግን ቀላል አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በአገራችን ስንቱን የጨረሰው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰው ያንን እያሰብን ነው። ኢንፍሉዌንዛ ድንገት በትኩሳትና በቁርጥማት ይጥላል፤ በሕፃን፣ በነፍሰ ጡርና በአዛውንት ላይ ይበረታል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ፣ የሚሸት ንፍጥ ደግሞ ልጁ ሽንብራ ወይም ዶቃ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ይሆናል፤ ራስሽ ለማውጣት አትጎርጉሪው፣ ባለሙያ ያውጣው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»ና ከጎረቤት አፍረሽ አትቀመጪ። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጠሽ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ፣ በስምንት ወሩ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡት እንቢ ካለ፣ እኔን ለመጠየቅ አትደውዪ፤ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ጤና ጣቢያ አድርሺው።