«አይፍሩ፣ ጋሼ!»

ፈረስ መጋለብ መማር የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው። የከተማ ልጅ ነኝ፤ በልጅነቴ ፈረስ የማውቀው ጋሪ ሲጎትት ብቻ ነበር። ለመማር ያነሳሳኝ ነገርም ብዙ የሚያኮራ አይደለም። ለአገልግሎት ወደ ባሌ ደጋ ሄደን ሳለ፣ መኪና የማይደርስበት መንደር የሚጠብቁን ወገኖች ፈረሶች ይዘው ተቀበሉን። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከፈረሳቸው ወርደው ወደ እኔ ሳቡትና «ይውጡበት፣ መምህር» አሉኝ። አልችልም ማለት አቃተኝ። «በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል» አልኩ። እንግዳ በእግሩ እየሄደ እርሳቸው በፈረስ ሊሄዱ አልወደዱምና፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈረሱን እየሳቡ አብረውኝ ዳገት ወጡ። የእኔን ውሸት በጉልበታቸው ከፈሉ።

በተመለስኩ በወሩ ሱሉልታ አካባቢ ፈረስ የሚያስተምሩ ሰዎች አገኘሁ። አስተማሪዬ የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ እኔ በቤተ ክርስቲያን የማስተምራቸው ወጣቶች እኩያ። የተሰጠችኝ ዳማ ባዝራ የዋህ እንደሆነች ነገሩኝ። ከመሬት ሆነው ሲያዩት ፈረስ ያን ያህል ረጅም አይመስልም፤ ኮርቻው ላይ ከወጡ በኋላ ግን መሬቱ ይርቃል። እግሮቼ ሳላዛቸው ጎኗን ጨመቁ፤ እጆቼ ልጓሙን ሳቡ። ባዝራዋ ራሷን እየወዘወዘች በቆመችበት ትዞር ጀመር። ልጁ ከታች ሆኖ «አይፍሩ፣ ጋሼ! አይፍሩ!» ይለኛል። እኔ ይበልጥ ፈራሁ።

ምን እየሠራሁ እንደነበር ቆይቶ ገባኝ። ጎኗን በእግር መጫን «ሂጂ» ማለት ነው። ልጓም መሳብ «ቁሚ» ማለት ነው። የፈራ ጀማሪ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያዝዛል፣ ከዚያም ፈረሱ አስቸገረኝ ይላል። ደግሞም ፈረስ በአራዊት ሲታደን የኖረ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ከራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ከግንባሩ ፊትና ከጭራው ኋላ ካለችው ጥቂት ቦታ በቀር ዙሪያውን ያያል። እርሱ ያላየውን አደጋ ጓደኛው አይቶ እንደሆነም ከጓደኛው ሰውነት ያውቃል። ጀርባው ላይ ከተቀመጠው ሰውም እንዲሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት አለ፦ ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም ተቀምጠውበት አንድን መንገድ አራት ጊዜ እንዲያልፉ ተደረገ። ከአራተኛው ዙር በፊት «አሁን ስታልፉ አጠገባችሁ ጃንጥላ ይከፈታል» ተባሉ። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ ልብ ምት ግን ጨመረ፤ የፈረሶቹም ጨመረ። ለፈረሶቹ ስለ ጃንጥላ የነገራቸው የለም።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ሰው በመፍራቱ ሊወቀስ ይገባዋልን? «እጅህን አንሳ» ብትሉኝ አነሳለሁ። «አትፍራ» ስትሉኝ ግን ምኔን ነው የማነሳው? ፍርሃቴ እኔን አማክሮ አልመጣም፤ ሂድ ስላልኩትም አይሄድም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰጠኝ ማድረግ የምችለው ወይ መውረድ ነው፣ ወይ ያልፈራሁ መምሰል። መምሰሉን ደግሞ ባዝራዋ አታምነኝም።

«ቅዱስ መጽሐፍስ አትፍራ ይል የለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ይላል፤ ደጋግሞ ይላል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ብቻውን አይቆምም። ከፈሪው ጋር ማን እንዳለ ይነገረዋል፤ ብዙ ጊዜም ተነሥቶ የሚሄድበት መንገድ ይሰጠዋል። እኛ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ቆርጠን ወስደን ሰው ላይ እንጥላለን።

በሌላ በኩል ፍርሃት የሚጎዳው ፈሪውን ብቻ ነው ማለትም አልችልም። የእኔ ፍርሃት ባዝራዋን አስጨንቋታል። ባሌ ላይ ደግሞ ሽማግሌውን በእግር አስኬዷል። ነገሩን ሳገላብጠው ግን ሽማግሌውን ያደከመው መፍራቴ አልነበረም፤ መደበቄ ነው። «አልችልም፣ እፈራለሁ» ብል ኖሮ ቀስ ብለው እየሳቡልኝ እቀመጥ ነበር፣ ወይም እርሳቸው ያለ ይሉኝታ በፈረሳቸው ይሄዱ ነበር። ፍርሃቴን ስደብቅ ዋጋውን ለምን እንደሚከፍል የማያውቅ ሌላ ሰው ከፈለው። በዚህ መወቀስ ይገባኛል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጁ «አይፍሩ» ማለቱን ተወ። «ጋሼ፣ ወደ ውጭ ይተንፍሱ» አለኝ። «ተረከዝዎን ወደ ታች። አሁን ያችን ባሕር ዛፍ ይዩ።» እነዚህ የሚቻሉ ነገሮች ናቸው። ተረከዝ ወደ ታች ሲወርድ ጉልበት መጨመቁን ይተዋል፤ ሩቅ የሚያይ ሰው መሬቱን አያይም። (የድሮ ፈረሰኞቻችን በባዶ እግር፣ እርካቡን በአውራ ጣት ብቻ ይዘው እንደሚጋልቡ ሳስብ ይገርመኛል።) ባዝራዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መራመድ ጀመረች። ፍርሃቴ የትም አልሄደም፤ ብቻ ሥራ አገኘ።

ስወርድ ይህን ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። በ12 ዓመቱ ፈረስ ረግጦት አንድ ዓመት ሙሉ ኮርቻ ላይ እንዳልወጣ፣ ታላቅ ወንድሙ እንዲህ እያለ እንደመለሰው አጫወተኝ። «ታዲያ ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?» ብለው፣ «ጋሼ፣ አስተማሪ እኮ ነኝ» አለኝ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ልጅ ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከክፍሌ አንድ ወጣት በጉባኤ ፊት አጭር ጽሑፍ እንዲያነብ መደብኩት። መድረክ ላይ ቆሞ ወረቀቱ በእጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ከፊት ወንበር ሆኜ ሰው ሁሉ እስኪሰማ «አትፍራ! የሚያምን ሰው አይፈራም!» አልኩት። በክፋት አልነበረም። ሰዎች ሳቅ አሉ። ሁለት መስመር አንብቦ ወረደ፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ አልተመለሰም። እሑድ እሑድ ይመጣል፤ በር አጠገብ ተቀምጦ ቶሎ ይወጣል። መንቀጥቀጡን የእምነቱ ጉድለት ማስረጃ አድርጌ በጉባኤ ፊት አነበብኩበት ማለት ነው። ያን ጊዜም ዛሬም ከማስተማሬ በፊት ጉልበቴ ይከዳኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

እኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ ሲወደሱ ሰምተን አድገናል። ስንት ጊዜ እንደወደቁ የነገረን የለም። እኔም በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ስለ ፈረስ ልጓም ለዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ልጓም በእጄ ሳልነካ። ምዕራፉ የሚጀምረው መምህር ለመሆን የሚሽቀዳደሙትን በማስጠንቀቅ ነው። እርሷን ፈጠን ብዬ ነበር የማልፋት።

ልጁን ደውዬ ሻይ ጋበዝኩት። ስለ ባዝራዋና ስለ መዞሯ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኩት። «እኔ እንኳ አላስታውሰውም፣ መምህር» አለኝ። ዝም አልን። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ሳለ ሻዩን ሲያማስል ቆየና «ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤውም ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ።

«አየሁት» አልኩት።

«አሁንስ ፈረሷን ይፈሯታል?»

«አዎ። በተለይ ሶምሶማ ስትጀምር።»

«እና ምን ያደርጋሉ?»

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩና ተረከዜን እንዴት ወደ ታች እንደምጫን አሳየሁት።