አዲስ ሞተር፣ አሮጌ ፍሬን

ለውጥ የነገሮች ሁሉ ባሕርይ መሆኑን የሚክድ የለም። ክርክሩ የሚነሣው፣ አንድ ነገር ምን ያህሉ ቢለወጥ ያው ራሱ ሆኖ ይቀጥላል፤ ከየት ጀምሮስ ሌላ ነገር ይሆናል በሚለው ላይ ነው። ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የተተወ የሚመስለው ሰው ወደ አዳማ ጋራዦች ጎራ ቢል፣ በዘይት በተነከሩ እጆች ሲጠየቅና ሲመለስ ያገኘዋል። ጥያቄውን የሚያስነሣውም ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር የሚገጠምለት አሮጌ የጭነት መኪና ነው።

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ በመተሐራና በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ በእርሷ ያልፋል፤ በኢተያና በአሰላ ወደ አርሲና ባሌ የሚወጣውም ከእርሷ ይነሣል። ጎረቤቷ ሞጆ ደግሞ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነጌሌ አቋርጦ ሻሸመኔ የሚደርሰው መንገድ መገንጠያ ናት። በእነዚህ መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት እህልና ሸቀጥ ሲያመላልሱ ከኖሩት መኪናዎች አንዱ በኢጣሊያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 682 ሲሆን፣ በሾፌሮች ዘንድ ይበልጥ የታወቀው «ኤንትሬ» በሚለው የዓይነት መጠሪያው ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ሻንሲው ወፍራም ብረት ነውና ከሞተሩ የረዘመ ዕድሜ አለው። ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ማርሚታው ጥቁር ጢስ ሲተፋ፣ መለዋወጫው ከገበያ ሲጠፋ፣ ባለንብረቱ ከሁለት ነገሮች አንዱን ይመርጣል። ወይ መኪናውን በኪሎ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል፤ ወይም ከሌላ መኪና የወጣ አዲስ ሥሪት ሞተር ገዝቶ ያስገጥማል። አዲስ መኪና ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ የሚያስወቅሰው ነገር የለም።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። የሞተሩ መቀመጫ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ብረት በቶርኖ ተቀርጾ ይዘጋጃል። ፍሪሲዮኑ፣ ራዲያተሩ፣ የነዳጁ መስመር፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሁሉ ከእንግዳው ጋር እንዲስማማ ይደረጋል። መካኒኩ ፋብሪካው ያላሰበውን ጋብቻ የሚያዋውል ሽማግሌ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ከጋራዡ ታድሶ የሚወጣው መኪና ያው የቀድሞው ነውን?

ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን ጀግናው ቴሴዎስ የተመለሰባትን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያቆዩ፣ ሳንቃዋ በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ ሳንቃ ይተኩ ነበር። ፈላስፎቻቸውም መርከቧ ያችው ናት በሚሉና አይደለችም በሚሉ ተከፈሉ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን ይበልጥ አጠበቀው፤ የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ መርከብ ቢያደርጋቸው፣ ከሁለቱ የቴሴዎስ የምትባለው የትኛዋ ናት? ይህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተረት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከመኪናው የወረደው ሞተር ታድሶ ወፍጮ ቢያዞር፣ ወይም በአዋሽ ዳር ለአትክልት ውኃ ቢስብ፣ አሮጌው መኪና የሚገኘው መንገድ ላይ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?

የአገሩም ሰው ለጥያቄው እንግዳ አይደለም። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሣሩ በቆርቆሮ፣ ጭቃው በድንጋይ ይለወጣል፤ ታቦቱ ያው እስከሆነ ድረስ ግን ምእመኑ ደብሩ ሌላ ሆነ አይልም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ሉባ ወደ ተከታዩ ይተላለፋል፤ ሰዎቹ ይለወጣሉ፣ ሥርዓቱ ይቀጥላል። አዳማ ራሷ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ ኋላም ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳ፣ ያችው ከተማ ናት። በአንዱ አንድነቱን የሚጠብቀው ቅዱሱ ነገር ነው፤ በሌላው ሕጉ፤ በሦስተኛው ደግሞ የነዋሪው ኑሮ።

የመንግሥት መዝገብም የራሱ መልስ አለው። ሊብሬ የሻንሲውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ለየብቻ ይዟል። ሞተሩ ሲለወጥ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ተገልጦ የሞተሩ ቁጥር ይታረማል፤ መኪናው ግን በሻንሲው ያው መኪና ሆኖ ይቀጥላል። መዝገብ ስለ ባሕርይ አይከራከርም። የሚፈልገው ተጠያቂ ነው፤ አንድ ጉዳት ቢደርስ «ይህ መኪና የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዳይጠፋ።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየውይይት ክበቡ ይደጋገም የነበረው፣ መጠናዊ ለውጥ ሲጠራቀም ወደ ዓይነታዊ ለውጥ ይሸጋገራል የሚለው የሔግል ትምህርትም እዚህ ላይ ይታወሳል። አንድ ብሎን መለወጥ መኪናን ሌላ አያደርገውም። ሞተር ግን ከብሎን ይለያል፤ የመላው አካል ጉልበት ከእርሱ ይመነጫልና። ስለሆነም ለውጡን ለመመዘን የተለወጡትን ክፍሎች ከመቁጠር ይልቅ አዲሱ ጉልበት የትኛው አካል ላይ እንደሚያርፍ መከታተል ይበጃል።

የአሰላ መንገድ ለዚህ ምሳሌ ይሁን። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዳማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር ብዙም አትርቅም። ሽቅብ ቀለል ብሎ የወጣው መኪና የአርሲን ስንዴ ተሸክሞ ወደ አዳማ ዱቄት ፋብሪካዎች ቁልቁል ይመለሳል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። አሮጌው መኪና ዳገት ላይ የሚያቃስተው አንድም ስለዚህ ነው። ዘመናዊው ሞተር ግን አየሩን በተርቦ አምቆ ያስገባል፤ ናፍጣውንም በከፍተኛ ግፊት መጥኖ ይረጫል። በዚህም የተነሣ በመጠን አንሶ በጉልበት ሊስተካከል፣ ሊበልጥም ይችላል። ባለንብረቱ ዳገቱን ተመልክቶ ይደሰታል፤ ነዳጁም ጊዜውም ተርፎለታልና።

የለውጡ ሌላ ገጽ የሚገለጠው ሲወረድ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወርድም፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል። ነዳጅ የተነፈገው ሞተር በጎማዎቹ እየተገፋ ሲዞር ይቋቋማል፤ ይህም መቋቋም በአብዛኛው ከሲሊንደሮቹ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል። ከ10 ሊትር በላይ ስፋት የነበረው አሮጌ ሞተር ዳገት ላይ ሰነፍ ቢሆንም ቁልቁለት ላይ የታመነ ነበር። በቦታው የገባው 5 ወይም 6 ሊትር ሞተር ግን ተጨማሪ ማገጃ ካልተሠራለት፣ ሲወጣ የሰጠውን ሲወርድ አይሰጥም። የጎደለውን ሁሉ የሚሸከመው አሮጌው ፍሬን ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። የአየር ፍሬን ከሆነማ አየሩን የሚሞላው ኮምፕረሰር ኃይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲለወጥ ይህም አብሮ ካልታሰበበት ጉዳቱ ይበረታል።

እንግዲህ አሮጌው ሞተር ጎልቶ የሚታይ ድካምና በዝምታ የሚሰጥ አገልግሎት ነበረው። ድካሙ በየቀኑ ገንዘብ ያስወጣ ስለነበር ሁሉም አይቶታል። አገልግሎቱ ግን በነጻ ይገኝ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም፤ ሞተሩም ሲነሣ አብሮ ተነሥቶ ሄደ። የጋራዥ ጉዳይ የግብረ ገብ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የዳገቱ ትርፍ የባለንብረቱ ነው። የቁልቁለቱ ዕዳ ግን የሾፌሩና የረዳቱ፣ በኢተያ መንገዱን የሚሻገረው ልጅ፣ ከፊት በጋሪ የሚያዘግመው ገበሬ ነው። ሞተሩ ሲመረጥ ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም አልተጠየቁም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ እንዲህ ከሆነ አሮጌው እንዳለ ይቆይ የሚል ነው። በአውሮፓ አሮጌ መኪናዎችን እስከ ቀለማቸው እንደ ጥንቱ አድርገው የሚጠብቁ ወዳጆች አሉ፤ ያም የታሪክ ጥበቃ ነውና ይከበራል። ነገር ግን ስንዴ የሚጭን መኪና እንጀራ የሚያወጣ የሥራ መሣሪያ ነው። ዳገት መካከል መቆሙ፣ በጢሱ የመንገደኛውን ሳንባ ማቃጠሉ፣ ያም ዕዳ ነው። አለመለወጥ ንጽሕና አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደ ነው። ባለንብረቱ ያለው ገንዘብ ለሞተሩ ብቻ የሚበቃ ሊሆን ይችላል፤ ለፍሬኑ ሌላ ዓመት መጠበቅ ግድ ይለዋል። ድኻን ስለ ድኽነቱ መውቀስ ፍርድ አይባልም። ቢሆንም ድኽነት ጥፋቱን ያቀልለት እንደሆነ እንጂ አደጋውን ከመንገዱ ዳር አያነሣውም። ይህ ማለት ኃላፊነቱ ለብዙዎች ይከፈላል ማለት ነው። መካኒኩ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት የቁልቁለቱን ነገር መናገር አለበት። ቦሎ የሚሰጠው መርማሪ ከወረቀቱ ይልቅ ፍሬኑን መመርመር አለበት። ነጋዴው ፍሬኑ እስኪታደስ ድረስ ጭነቱን ቢቀንስ፣ ሾፌሩም በዝቅተኛ ማርሽ ተረጋግቶ ቢወርድ፣ በገንዘብ ያልተሞላው በጥንቃቄ በከፊል ይሞላል። አዲሱን ሞተር የሚፈልጉ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሲከፍሉ ሙሉው ዕዳ በማያውቀው መንገደኛ ላይ አይወድቅም።

ይህ ነገር ከመኪና አልፎ ኪነ ጥበብንም ይመለከታል። አማርኛ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ ተቀብሎ «ካምቢዮው»፣ «ፍሪሲዮኑ» እያለ በራሱ ሰዋስው ገርቷቸዋል፤ እንግዳው ቃል ጉልበት ጨመረለት፣ ልጓሙ ግን የራሱ ሆኖ ቀረ። ሙላቱ አስታጥቄም የጃዝን ስልት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ጋር ሲያዋሕድ፣ ቅኝቱ መያዣ ሆኖ አገልግሏል። በሌላ በኩል ኪቦርድ ማሲንቆንና ክራርን በተካባቸው ዘፈኖች ውስጥ ሥራው ቀለለ፣ ወጪውም ቀነሰ። ነገር ግን ማሲንቆ መቺው በጣቱ ፈልጎ የሚያገኛት በሁለት ድምፆች መካከል ያለች ስስ ልዩነት፣ በኪቦርዱ 12 የተወሰኑ ድምፆች መካከል ስፍራ አጣች። በነጻ ትገኝ ስለነበር ስትሄድም የቆጠራት አልነበረም።

ሌላ ለውጥም እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ገልጧል። ዛሬ አሮጌው ሻንሲ ላይ የሚቀመጠው የናፍጣ ሞተር ነገ በኤሌክትሪክ ሞተር ይተካ ይሆናል። ያ ሞተር ሲወርድ መኪናውን ይዞ፣ የመያዣውንም ኃይል መልሶ ወደ ባትሪው መላክ ይችላል፤ ባትሪው ግን ክብደት አለው፤ ክብደቱንም የሚሸከሙት ያው አሮጌ ባሌስትራና ያው አሮጌ ሻንሲ ናቸው። እያንዳንዱ አዲስ ጉልበት የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል፤ ዕዳውንም አስቀድሞ መፈለግ የለዋጩ ግዴታ ነው።

ስለዚህ «መኪናው ያው ነውን?» ለሚለው ጥያቄ ጋራዡ ሙሉ መልስ አይሰጥም። የጭነት መኪና የተጣለበት አደራ ጭነቱን ከቦታው ማድረስ፣ ሲያደርስም ሰው አለመጉዳት ነው። ሞተሩ ተለውጦ ይህን አደራ ሲወጣም ሲወርድም የሚጠብቅ ከሆነ፣ ግማሽ አካሉ አዲስ ቢሆን እንኳ ያው የታመነው መኪና ነው። አደራውን በዳገቱ ብቻ ጠብቆ በቁልቁለቱ የሚጥል ከሆነ ግን፣ የሻንሲው ቁጥር ባይለወጥም ሌላ ነገር ሆኗል። ትምህርት ቤትን፣ መድረክን ወይም መሥሪያ ቤትን አድሳለሁ ብሎ የሚነሣም ሰው አሮጌውን ከማንሣቱ በፊት፣ ይህ አሮጌ ነገር በዝምታ ይይዘው የነበረው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ሲያገኝም አዲሱን ከመግጠሙ በፊት ፍሬኑን ያስተካክል።