ከሽኝቱ በፊት

መሥሪያ ቤቶቻችን ጡረታ የሚወጣ ሰው ሲሸኙ የሚሰጡት ስጦታ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጋቢውስ ይሁን፣ ይሞቃል። የግድግዳ ሰዓቱ ግን ምን ይባላል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፊርማ ሰዓት እንዳያልፍበት ሲሮጥ የኖረ ሰው፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ ባለቀ ማግስት ሰዓት ታቅፎ ቤቱ ይገባል።

እንዲህ ባለ አንድ ሽኝት ላይ ተገኝቼ ነበር። ለስላሳው ተከፈተ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ አለቃው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ተሸኚውም ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። ከኋላ የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ።

"እነዚህ ምን ሆነው ነው?" አልኩት አጠገቤ ያለውን።

"ዋሶቻቸው ናቸው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰውዬው ለልጃቸው ሰርግ ከመሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ወስደዋል። ብድሩ ገና ግማሹም አልተከፈለ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሚቆረጥ ደመወዝ የላቸውም። ስለዚህ ማኅበሩ ፊቱን ወደ ዋሶቹ ደመወዝ ሊያዞር ነው። ሦስቱም ሰርጉ ላይ ተጋብዘው ነበር። አንደኛው በኋላ እየሳቀ፣ ግን ሳቁ ከልቡ ሳይሆን፣ "ዱለቱ ግሩም ነበር፤ ዋጋውን የሰማሁት ግን ዛሬ ነው" አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልተወኝም። ሰው ዕዳውን እንደያዘ ወደ ጡረታ ሲሻገር የሒሳብ ስህተት ብቻ ነው የሠራው? ወይስ ሰውንም በድሏል?

እስቲ በቅድሚያ ሒሳቡን እንየው። በአገራችን መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ያስገባሉ። አሥር ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ አበሉ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ላይ ይቆማል ማለት ነው። የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ቢሆን፣ አበሉ 6,600 ብር ነው። በመጨረሻው ዓመት ጥሩ ጭማሪ ቢያገኝ እንኳ፣ ሒሳቡ የሦስት ዓመት አማካይ ስለሆነ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ አይታይለትም።

አሁን ይህ ሰው በወር 4,000 ብር ዕዳ ይከፍል ነበር እንበል። ደመወዝተኛ እያለ፣ ግብሩን ለጊዜው እንተወውና፣ 8,000 ብር ይተርፈው ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሚተርፈው 2,600 ብር ነው። ሰውዬው ጡረታ ወጥቷል፤ ዕዳው ግን ጡረታ አይወጣም።

ይህን ቀላል ሒሳብ የማያውቅ የለም። ታዲያ ለምን ብዙዎቻችን እያየን እንገባበታለን? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው "እግዜር ያውቃል" የምንለው ነገር ነው። ልጆቹ ይደርሳሉ፣ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ትልካለች እንላለን። ሁለተኛው ደግሞ ዕዳን የራሳችን ጉዳይ ብቻ አድርገን ማየታችን ነው።

በአያቶቻችን ዘመን እንዲህ ተብሎ አይታሰብም ነበር። ያኔ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። በዚያ ዘመን አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች ተገርመው ጽፈውታል። ተበዳሪው ገበያ ሲሄድ አበዳሪውም አብሮ ይሄዳል፤ ሲተኛም አብሮት ይተኛል። ሰንሰለቱ ጠፍቶ ዛሬ ቃሉ ብቻ ቀርቶልናል፤ "በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ" እንላለን። ልማዱ ጨካኝ ነበር፤ ተመልሶ ይምጣ የሚል የለም። አንድ እውነት ግን ነበረው፤ ዕዳ የሚያስረው ሁለት ሰው መሆኑን ያሳያል። ዛሬ ሰንሰለቱ ስለማይታይ የታሰርን ብቻችንን ይመስለናል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በቴሌብር፣ ዋስም ጎረቤትም ሳያውቅ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ መበደር ተችሏል። ለድንገተኛ ችግር ደግ ነገር ነው። ለመበደር ግን ቀድሞ የሰው ፊት ማየት ያስፈልግ ነበር፤ ያ ፊት ደግሞ ቢያንስ "ለምንህ ነው?" ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ጋሼ የምላቸው አንድ ወዳጅ አሉኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። 55 ዓመት የሞላቸው ሰሞን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዙና ከፊት ገቢና ወጪያቸውን፣ ከኋላ ዕዳቸውን መመዝገብ ጀመሩ። ከኋላ በኩል የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ብድር፣ የማኅበሩ ብድር፣ የሰፈር ሱቅ ዱቤና ዕቁብ ተዘርዝረዋል።

"ዕቁብ ደግሞ ምን ዕዳ አለው?" አልኳቸው።

"ሳይደርስህ ቁጠባ ነው። ከደረሰህ በኋላ ዕዳ ነው። እኔ በሁለተኛው ዕጣ ወጥቶልኝ በልቼዋለሁ" አሉኝ።

ከሁሉም በታች "3,000 ብር፣ 1998" የሚል ስም የሌለው መስመር ነበር። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ደብተሩን ከደኑት።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ሌላ ሰው ሆኑ። የጠዋቱ ማኪያቶ ቀረ፤ ቡና ቤታቸው ጠጥተው ይወጣሉ። ሁለት ፌርማታ በእግራቸው ይሄዳሉ። ጤፍ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሆነው ከእህል በረንዳ በኩንታል ገዝተው ይካፈላሉ። የሱቁን ዱቤ ጨርሰው ዘጉት። "በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም አይከራከርም። በጥሬ ብር መግዛት ስጀምር ነው ስንት ስከፍል እንደኖርኩ ያወቅኩት" ይሉ ነበር።

ፈተናው የመጣው የመዋጮ ወረቀቱ ሲመጣ ነው። ታውቁታላችሁ፤ እከሌ ሊያገባ ነው፣ እከሊት ወለደች ተብሎ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞረው። ከላይ አለቃው 1,000 ብር ይጽፋሉ፤ ከዚያ 500፣ 500 እያለ ይወርዳል። ጋሼ 50 ብር ጽፈው ፈረሙ። ወሬው ከወረቀቱ ቀድሞ ሕንጻውን አዳረሰ። "ቋጣሪ"፣ "ይዞት ሊቀበር ነው እንዴ?" ተባለ።

እኔም አልቻልኩም። "ጋሼ፣ ሰው ምን ይላል?" አልኳቸው።

"ሰው የሚለውን ስሰማ ኖሬ ነው በ55 ዓመቴ ዕዳ ተሸክሜ የተገኘሁት።"

ተከራከርኳቸው። የእኛ ማኅበረሰብ የቆመው በመደጋገፍ ነው፤ ያልሰጠ አይሰጠውም፤ "ብድር በምድር" የተባለው ለዚህ አይደለም ወይ? ዛሬ 50 ብር የጻፈ ሰው ነገ እሱ ሲቸገር ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ክርክሬ ከንቱ አልነበረም፤ አሁንም ከንቱ አይመስለኝም። ለሰው መድረስም ዕዳ ነው፤ ምናልባትም ከባንኩ የሚበልጥ ዕዳ።

ጋሼ ግን እንዲህ መለሱልኝ። "የዕድር መዋጮ አንድ ወር አጓድዬ አውቃለሁ? ለቅሶ ቀርቼ አውቃለሁ? ሰው ታሞ ሳልጠይቅ? እነዚህን ደብተሩ ላይ ከጤፍ በፊት ነው የማሰፍራቸው። ለሰርግ ደግሞ ድንኳን እተክላለሁ፤ እንግዳ አስተናግዳለሁ። 500 ብር እንድጽፍ የምትፈልገው ግን ሙሽራው ስለቸገረው አይደለም። ከላዬ የተጻፈው 500 ስለሆነ ነው። እሱን ደግሞ የምጽፈው በማን ገንዘብ ነው? በዋሶቼ።"

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ለጋስ ሰው የምንለው ከራሱ ቀንሶ የሚሰጠውን ነው። ዕዳውን ሳይከፍል የሚለግስ ሰው ግን ከማን ቀንሶ ነው የሚሰጠው? ምስጋናውን ይወስዳል፤ ሒሳቡን ሌላ ይከፍላል። እጁ የተዘረጋ ነው እያልን ስናደንቀው እጁ ያለው የሰው ኪስ ውስጥ ነው። "እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም" የሚለውን ተረት እስከዚያ ቀን የስስታም ተረት አድርጌ ነበር የማየው።

ይሁን እንጂ ጋሼን ጻድቅ አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። ቁጠባው ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ባለቤታቸው አንድ ማታ ሳህኑን ፊታቸው አስቀምጠው፣ "ለመሆኑ አንተ የምትቆጥበው ከማን ወጥ ላይ ነው?" ብለው ጠየቁ። ለካ ጋሼ የአስቤዛውን ብር ሲቀንሱ ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም። ስለ ዕቁቡም ስለ ማኅበሩም ብድር ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። እሳቸው ደብተር ይጽፋሉ፤ ሽሮውን የሚያቀጥኑት ግን ባለቤታቸው ነበሩ።

ይህ በብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። ዕዳው በድብቅ ይገባል፤ ቁጠባው ግን በቤተሰቡ ሁሉ ላይ ይታወጃል። ያልተበላ ዕቁብ የሚያስከፍል ቁጠባ ፍትሕ የለውም። ጋሼም አፍረው ደብተሩን ገበታ ላይ አወጡት። እስክሪብቶውን የያዙት ባለቤታቸው ሆኑ። መጀመሪያ የሰረዙትም ጋሼ አምስት ዓመት ቢቆጥቡ የማይነኩትን የቅዳሜ ድራፍት ነበር!

ደግሞም "ቆጥቡ" የሚለው ምክር ለሁሉም የሚሆን አይደለም። የቤት ኪራይና ጤፍ ከፍሎ ምንም የማይተርፈውን ሰው ማኪያቶህን ተው ማለት ስድብ ነው፤ ማኪያቶ ከጠጣ ቆይቷል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ገበያ የወጣ ሰው የምለውን ያውቀዋል። "ቢቸግር ጤፍ ብድር" እንደተባለው፣ ለእንጀራ የተበደረን ሰው ማንም አይፈርድበትም። እኔ የምናገረው ለታይታ ስለተበደርነው ነው፤ ድምር ሒሳቡ የየትኛው እንደሚበዛ ደግሞ እያንዳንዳችን በየደብተራችን ማየት እንችላለን።

ጋሼ 60 ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ የማኅበሩን ብድር ጨረሱ። ዕቁቡ ቀደም ብሎ ተዘግቷል። የባንኩ ጥቂት ይቀራል። በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ "ና አብረኸኝ ሂድ" አሉኝ። አንድ ኩንታል ጤፍ አስጭነው ከከተማው ዳር ወደሚገኝ ቤት ሄድን። ከመካከለኛ ዕድሜ ያለፉ ሴት በሩን ከፈቱ። ባለቤታቸው በሕይወት የሉም።

የ1998ቱ 3,000 ብር የእሳቸው ነበር። የጋሼ ልጅ ታማ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ያለ ወረቀት፣ ያለ ዋስ የተሰጠ ነው። ሴትየዋ "አንድም ቀን አልነገረኝም" አሉ። እንግዲህ ያን ዕዳ በምድር ላይ የሚያውቅ ከጋሼ በቀር ማንም አልነበረም ማለት ነው።

ስንመለስ ጠየቅኳቸው። "ብሩንም ሰጡ፤ ጤፉ ለምን?"

"ያኔ 3,000 ብር ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር? ዛሬ ግማሽ ኩንታልም አይሞላ። ቁጥሩን መለስኩ ብዬ ዕዳዬን ከፈልኩ ልበል?"

"ታዲያ ለምን ከሁሉም መጨረሻ? በዚያ ላይ እኮ ሰውዬው ሞቱ።"

ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። "እሱ ነው የሚቆጨኝ" አሉ በመጨረሻ። "ወረቀት ያለው ዕዳ ራሱን ያስታውሳል። ባንኩ ይደውላል፣ ማኅበሩ ይቆርጣል። ወረቀት የሌለውን ግን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከታች ሳይሆን ከላይ መጻፍ ነበረብኝ።"

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ሲሞት ከውርሱ የሚከፈለውን በተራ አስቀምጧል። የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የውርስ ማጣሪያው ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይወጣል። ወራሽ የሚያገኘው ከዚህ የተረፈውን ነው። ሕጉ ዕዳን ከልጅ አስቀድሟል። ወረቀት የሌለውን ዕዳ ግን ሕጉ ከየት ያገኘዋል? እሱን ሊከፍል የሚችለው ሰውየው ራሱ ነው፤ እሱም ደመወዝ እያለው።

እኔም ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ። ከኋላ ገለጥኩና ከላይ የአንድ ጓደኛዬን ስም ጻፍኩ። ቁጥሩ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ስንት እንደነበር ረስቼዋለሁ።

ደውዬ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። ከመክፈሉ ይልቅ ይኼኛው ከብዶኛል።

ዋሶቻችን ከልባቸው የሚያጨበጭቡበት ሽኝት ይስጠን።